ብርታት ከብረቱ ነው ወይስ ከምንጣፉ?

በየከተማው ከቢሮና ከትምህርት ቤት መልስ ወጣቱ ከሁለት በሮች አንዱን ሲያንኳኳ ይታያል። አንደኛው ከውስጡ የብረት መንኳኳት የሚሰማበት የክብደት ማንሻ ቤት ሲሆን ሁለተኛው ባዶ እግራቸውን የቆሙ ተማሪዎች ባንድ ድምፅ የሚጮኹበት የቴኳንዶ፣ የካራቴ ወይም የውሹ አዳራሽ ነው። ከሁለቱ የትኛው ሰውን የበለጠ ያበረታል የሚለው ክርክር በዩኒቨርሲቲ መኝታ ቤት ወይም በመሥሪያ ቤት የሻይ ሰዓት ላይ የተነሣ እንደ ሆነ ቶሎ የሚበርድ አይደለም። ብረት የሚያነሣው ወገን «ባየር ላይ መራገጥ ጡንቻ አያወጣም» ይላል፤ ማርሻል አርት የሚማረው ወገን ደግሞ «ያን ሁሉ ሥጋ የተሸከመ ሰው የገዛ ጀርባውን እንኳ ማከክ አይችልም» ብሎ ይመልስለታል። ስለ ጀርባ ማከክ የተነገረው ነገር ራሱን የቻለ ታሪክ ስላለው ኋላ እንመለስበታለን።

ነገሩ የጐልማሶች ፉክክር ብቻ ቢሆን ኖሮ የእሑድ ገጻችንን ባላጣበብንበት ነበር። ዳሩ ግን ዛሬ ከፉክክር ዐልፎ የጤናና የመንግሥት በጀት ጕዳይ ሆኗል። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።) የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 ያወጣው መመሪያ፣ አንድ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ከመምከሩ በላይ፣ ቢያንስ በሳምንት ሁለት ቀን ዋና ዋናዎቹን ጡንቻዎች ሁሉ የሚያበረታ ሥራ እንዲሠራ ያዛል። እኛ የሯጮች አገር ሰዎች ስለ ሆንን የመመሪያውን የመጀመሪያ ግማሽ ለመቀበል አንቸገርም፤ ሁለተኛው ግማሽ ግን ገና ወደ ጆሯችን የገባ አይመስልም። ይኸው ድርጅት በ2024 እንዳስታወቀው፣ በ2022 ከዓለም አዋቂ ሕዝብ 31 በመቶው፣ ማለት 1.8 ቢሊዮን ያህል ሰው፣ የመጀመሪያውን ግማሽ እንኳ የማይፈጽም ሆኖ ተገኝቷል። ከጧት እስከ ማታ በወንበር ላይ ተቀምጦ መዝገብ የሚያገላብጥና ኮምፒዩተር የሚመለከት ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ከነዚህ መካከል ላለመቈጠሩ ምን ዋስትና አለው? ከደመወዙ ቀንሶ በየወሩ የሚከፍለውን ገንዘብና በሳምንት የሚያወጣቸውን ሦስት ወይም አራት ሰዓቶች ለየትኛው በር ማዋል እንደሚገባው ቢጠይቅ፣ መልሱ በሚገባ ተመርምሮ ሊሰጠው የተገባ ነው።

ለመሆኑ ብርታት ማለት ምንድር ነው? ክርክሩ መልስ ያጣው ሁለቱ ወገኖች በአንድ ቃል ሁለት ነገር ስለሚናገሩ ይመስለናል። በእህል በረንዳ አንድ ኩንታል ጤፍ፣ ማለት መቶ ኪሎ፣ በጀርባው ተሸክሞ ወደ መኪና የሚጭነውን ሠራተኛ የተመለከተ ሰው፣ ብርታት ምን እንደ ሆነ ሊቅ ሳይነግረው ያውቀዋል። ጡንቻ አንድን ከባድ ነገር ለማሸነፍ ባንድ ጊዜ የሚያወጣው ኀይል ብርታት ይባላል። ቀለል ያለውን ነገር መቶ ጊዜ መደጋገም መቻል ግን ጽናት ነው፤ ያለውን ኀይል በቅጽበት ማውጣት ፍጥነት ነው፤ ኀይሉን በሚገባው ቦታና በሚገባው ጊዜ ማሳረፍ ደግሞ ሙያ ነው። አራቱ ዘመዳሞች ቢሆኑም አንድ አይደሉም። ብረት የሚያነሣው ሰው ስለ መጀመሪያው ሲናገር የካራቴው ተማሪ ስለ አራተኛው ይመልስለታል። ሁለቱም እውነት ይናገራሉ፤ ነገር ግን አይገናኙም።

ጥያቄው ስለ መጀመሪያው፣ ስለ ጥሬው ብርታት ብቻ የሆነ እንደ ሆነ መልሱ አያጠራጥርም፤ ብረቱ ይበልጣል። ለምን ቢሉ ብረት የሚለካ፣ የሚጨመርና የሚቀነስ ስለ ሆነ ነው። የጥንት ግሪኮች ክሮቶን የምትባለው ከተማ ተወላጅ ስለ ነበረው ስለ ሚሎን ሲያወሩ፣ አንድ ጥጃ በየቀኑ እየተሸከመ ጥጃው አድጎ በሬ እስኪሆን ድረስ ሸክሙን አላቋረጠም ይላሉ። ወሬው ተረት ቢመስልም የያዘው ሐሳብ እውነት ነው፤ ሸክሙ ቀስ በቀስ ካላደገ ብርታቱም አያድግም። (ሚሎን ራሱ ስመ ጥር የሆነው በትግል ውድድር እንጂ ብረት በማንሳት እንዳልነበረ የማርሻል አርት ወዳጆቻችን ልብ ይበሉልን።)

ይህን የተረት ሐሳብ ወደ ሕክምና ያገቡት አሜሪካዊው የጦር ሠራዊት ሐኪም ዶክተር ቶማስ ዴሎርም ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በቺካጎ ከተማ በነበረው የጋርዲነር ወታደራዊ ሆስፒታል ጕልበታቸው የተጐዳ ወታደሮች አልጋውን ሞልተውት ነበር። በዚያን ጊዜ የነበረው ልማድ እንዲህ ያለውን በሽተኛ በቀላል እንቅስቃሴ ብዙ ጊዜ ማደጋገም ነበረ። ዶክተሩ ግን ራሳቸው በልጅነታቸው ታመው ሲያገግሙ ብረት በማንሳት የተጠቀሙ ስለ ነበሩ፣ ከበሽተኛው እግር ላይ ከባድ ብረት አስረው ጥቂት ጊዜ ብቻ እንዲያነሣ፣ ሲበረታም ክብደቱ እንዲጨመርለት አደረጉ። በ1945 ውጤቱን ባሳተሙ ጊዜ የደከመው ጡንቻ ከቀድሞው ልማድ ይልቅ በዚህኛው መንገድ ቶሎ እንደሚመለስ ሐኪሞች ተረዱ። ዛሬ በየአገሩ የሚሠራበት «ዐሥር ጊዜ አንሣ፣ ዕረፍ፣ ደግመህ ዐሥር ጊዜ አንሣ» የሚለው ሥርዓት ከርሳቸው ሥራ የወረደ ነው።

ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቀው ግን በ1990 ከቦስተን የወጣው ጥናት ነው። ዕድሜያቸው ዘጠና ዓመት ግድም የሆነ ዐሥር ደካማ አረጋውያን ለስምንት ሳምንት በእግራቸው ከባድ ክብደት እንዲገፉ ተደረገና ብርታታቸው በአማካይ 174 በመቶ ጨመረ። የዘጠና ዓመት አዛውንት ይህን ካገኙ የሃያ አምስት ዓመቱ ጐልማሳ «ጊዜው ዐልፎብኛል» ሊል አይችልም።

አሁን ወደ ምንጣፉ እንምጣ። በማርሻል አርት አዳራሽ ውስጥ ብርታት አይሠራም ማለት ሐሰት ነው። ፑሽ አፑ፣ ቁጢጥ ብሎ መነሣቱ፣ ጕልበትን አጥፎ ደቂቃ ሙሉ እንደ ፈረሰኛ መቆሙ፣ እግርን ከወገብ በላይ አንሥቶ መያዙ ሁሉ የጡንቻ ሥራ ነው። ተቀምጦ ለኖረ ሰው የመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ወራት በግልጽ ያበረቱታል። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሂሳቡን እንመልከት። ስድሳ ኪሎ የሚመዝን ተማሪ ፑሽ አፕ ሲሠራ እጆቹ የሚገፉት ከክብደቱ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን፣ ማለት አርባ ኪሎ ግድም ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አምስት ጊዜ ብቻ ገፍቶ ይወድቃል፤ ስለዚህ አርባው ኪሎ ለርሱ ከባድ ነው፤ ያበረታዋልም። በዓመቱ ስድሳ ጊዜ ይገፋል። ማስተሩም ያመሰግነዋል፤ ጓደኞቹም ያደንቁታል። ነገር ግን የሚገፋው ያንኑ አርባ ኪሎ ነው! ጽናቱ አድጓል፤ ብርታቱ ግን ከጥቂት ወራት ወዲህ ከቆመበት ብዙም ፈቀቅ አላለም። ማስተሩ ይህን ካወቀ እግሩን በወንበር ላይ ያሰቅለዋል፣ በአንድ እጅ ያሠራዋል፣ ወይም ጓደኛውን በጀርባው ላይ ያስቀምጥበታል። ጓደኛውን ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ የሚነሣ የጁዶ ተማሪ፣ ስሙን አልወደደው እንደ ሆነ ነው እንጂ ክብደት አንሺ ነው።

ሁለቱም ወገን «እኔ በሁለት ወር ውስጥ ተለውጫለሁ» የሚል ምስክር የማያጣው ለምን እንደ ሆነ የሚያስረዳ ሌላም ነገር አለ። ሰው አዲስ ሥራ በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚጨምረው ብርታት አብዛኛው ከጡንቻው መወፈር የሚመጣ አይደለም። አንጐልና ነርቮች ከዚያ በፊት ሥራ ፈተው የነበሩትን የጡንቻ ክሮች በአንድነት ማዘዝ ስለሚለምዱ ነው። ስለዚህ ጀማሪ በማናቸውም በር ቢገባ ይበረታል። ሁለቱን መንገዶች ማወዳደር የሚቻለው ከስድስት ወር በኋላ ነው፤ አብዛኛው ተከራካሪ ግን ስድስት ወር ሳይሞላው ያቋርጣል።

ታዲያ ምንጣፉ የሚሰጠው ብረቱ የማይሰጠው ነገር ምንድር ነው? እዚህ ላይ ጥቂት ቈይታ ማድረግ ይገባናል፤ ብረት የሚያነሡ ወዳጆቻችን የሚያንቋሽሹት ይህንኑ ነውና። ጡጫ ከእጅ የሚወጣ የሚመስለው ላላወቀ ሰው ነው። እግር መሬቱን ይገፋል፤ ዳሌ ይዞራል፤ ወገብ ያቀብላል፤ ትከሻ ይቀበላል፤ እጅ የመጨረሻው መልእክተኛ ነው። ከነዚህ አንዱ ከሰዓቱ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ የተገኘ እንደ ሆነ ኀይሉ በመንገድ ላይ ይቀራል። መቶ ኪሎ በደረቱ የሚገፋ ሰው በጡጫ ውድድር ላይ እንደ ሕፃን የሚመታው ስለዚህ ነው። ይህን የኀይል ጕዞ የሚያስተምር ብረት የለም፤ የሚያስተምር መምህርና የሚቃወም ጓደኛ ያስፈልጋል። በ1882 በቶኪዮ ኮዶካን የሚባለውን የጁዶ ትምህርት ቤት ያቋቋሙት ጂጎሮ ካኖ በቁመታቸው ትንሽ ሰው የነበሩ ሲሆን፣ የጥበባቸው መሠረት ያለውን ኀይል ሳያባክኑ በሚገባው ቦታ ማዋል ነበረ። እኒህ ሰው የመምህራን ትምህርት ቤት ኀላፊ የነበሩና በ1909 ከእስያ ሰዎች የመጀመሪያው የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል የሆኑ ታላቅ አስተማሪ እንደ ነበሩም አይዘነጋም።

ሁለተኛው የምንጣፉ ስጦታ አወዳደቅ ነው። የጁዶ ተማሪ ሌላውን መጣል ከመማሩ በፊት ራሱ ሳይጐዳ መውደቅን ይማራል። ለወጣት ይህ ጨዋታ ነው፤ በስተርጅና ግን የዳሌ አጥንት ጕዳይ ነው። ታይ ቺ የሚባለውን የቻይናውያን ዝግተኛ ጥበብ የሚለማመዱ አረጋውያን የመውደቅ አደጋ እንደሚቀንስላቸው በተደጋጋሚ ጥናት ተረጋግጧል። ስለ ሥነ ሥርዓቱ፣ ስለ መምህር አክብሮቱና ስለ ትዕግሥቱ ብዙ ስለ ተባለ እዚህ አንደግመውም፤ ሥነ ሥርዓት ያለው የብረት ቤትም፣ ሥነ ሥርዓት የሌለው የካራቴ ቤትም መኖሩን ግን መናገር ይገባል።

የሚያስገርመው ነገር፣ ዛሬ «ጥበብ እንጂ ብረት አያስፈልግም» የሚሉት ሰዎች የሚጠሯቸው የጥንት መምህራን ራሳቸው ከባድ ነገር ያነሡ የነበሩ መሆናቸው ነው። የካራቴ አገር በሆነችው በኦኪናዋ ደሴት ተማሪዎች እንጨት የተሰካበት ድንጋይ ያዞሩ፣ አሸዋ የተሞላ ማሰሮ በጣታቸው አንገቱን ይዘው ይራመዱ ነበር። በቻይና የንጉሠ ነገሥት መንግሥት ለጦር ሹመት የሚቀርብ እጩ ቀስት ከመወጠሩና ሰይፍ ከማዞሩ ጋራ ከባድ ድንጋይ አንሥቶ ይፈተን ነበር፤ ፈተናው የቀረው በ1901 ነው። በኢራን ዙርኻነህ በሚባለው የብርታት ቤት፣ ታጋዮች ከበሮ እየተመታላቸው ከባድ የእንጨት ዱላ በትከሻቸው ላይ ያዞራሉ፤ ዩኔስኮም ይህን ልማድ በ2010 በቅርስነት መዝግቦታል። በ1964 በቶኪዮ ኦሊምፒክ ጁዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባ በከባድ ሚዛን ያሸነፈው ጃፓናዊው ኢሳኦ ኢኖኩማ ከርሱ በብዙ ኪሎ የሚበልጠውን የካናዳውን ዳግ ሮጀርስን የረታ ሰው ነው። ኢኖኩማ በ1966 ዶን ድሬገር ከተባለ አሜሪካዊ ጋር ሆኖ ስለ ምን ጻፈ ቢባል፣ ጁዶኞች ብረት እንዴት ማንሳት እንዳለባቸው ነው። በዚያው ኦሊምፒክ ቁመቱ አንድ ሜትር ከዘጠና ስምንት የነበረው ሆላንዳዊው አንቶን ጌሲንክ በጃፓኖች ፊት ካሚናጋን ጥሎ ሚዛን ያልተወሰነበትን ውድድር ባሸነፈ ጊዜ፣ ጥበብና ጕልበት ባንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ዓለም ተመለከተ።

አሁን ወደ ጀርባው ማከክ እንመለስ። ክብደት የሚያነሣ ሰው ጡንቻው ይተሳሰራል፣ ይገትራል፣ ፍጥነቱን ያጣል የሚለው እምነት ባለፈው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ የመንደር ወሬ ብቻ አልነበረም፤ የሰውነት ማጐልመሻ ፕሮፌሰሮች ሳይቀሩ ያስተምሩት ነበር። ከነዚህ አንዱ በአሜሪካ የስፕሪንግፊልድ ኮሌጅ አስተማሪ የነበሩት ፒተር ካርፖቪች ናቸው። በ1940 ብረት አንሺዎች ወደ ኮሌጁ መጥተው ትርዒት ባሳዩ ጊዜ፣ ፕሮፌሰሩ በ1936 በበርሊን ኦሊምፒክ ተወዳድሮ የነበረውን ጆን ግሪሜክን በሁለቱ ትከሻዎችህ መካከል ጀርባህን እከክልን ብለው ጠየቁት። ግሪሜክ በአንዱም እጅ በሌላውም እጅ፣ ከላይም ከታችም አከከው፤ ከዚያም እግሮቹን ግራና ቀኝ ዘርግቶ መሬት ላይ ተቀመጠ። ተማሪው ሁሉ ሳቀ። ፕሮፌሰሩ ግን ስቀው አልተዉትም፤ ከአንድ ተማሪያቸው ጋር ሆነው ብረት የሚያነሡና የማያነሡ ስድስት መቶ ሰዎችን እጅ ፍጥነት ለክተው በ1951 አሳተሙ። ፈጣኖቹ ብረት አንሺዎቹ ሆነው ተገኙ። ሰባ ዓመት ዐልፎት እንኳ ያው ቀልድ በሻይ ሰዓት መነገሩ የወሬን ዕድሜ ያሳያል።

ይሁን እንጂ ብረቱም ያለ ዕዳ አይደለም። ፊልሞቹን የአገራችን ወጣት ለብዙ ዘመን ሲመለከታቸው የኖረው ብሩስ ሊ ብረት አጥብቀው ከሚያነሡ የማርሻል አርት ሰዎች አንዱ ነበር። በ1970 ሰውነቱን በሚገባ ሳያሟሙቅ ብረት በትከሻው ላይ ጭኖ ጐንበስ ሲል ወገቡን ተጐድቶ ለወራት አልጋ ላይ ዋለ። በዓለም የታወቀ ሰው ላይ የደረሰ ነገር፣ አስተማሪ በሌለበት ጂም ውስጥ ከጓደኛው በልጦ ለመታየት በመጀመሪያው ቀን ሰማንያ ኪሎ በሚደፍር ጀማሪ ላይ አይደርስም ማለት አይቻልም። በምንጣፉ ወገን ደግሞ የጕልበትና የቁርጭምጭሚት መጠምዘዝ፣ ከሁሉም ይልቅ የራስ ላይ ምት አለ። የራስን ምት እንደ ጀግንነት የሚቈጥር አዳራሽ ያየ ወላጅ ልጁን ይዞ ቢወጣ አንፈርድበትም።

ይህ ሁሉ የግለሰብ ጕዳይ ነው። አገሮችም ደግሞ በዚሁ ጥያቄ ላይ በጀታቸውን ያወጣሉ፤ ለወጣት ባለ ሥልጣን ይህኛው ወገን ይበልጥ ሊያሳስበው ይገባል። ክብደት ማንሳት ከ1896 ጀምሮ የኦሊምፒክ ዘመድ የሆነ ውድድር ነው። ቡልጋርያ ተወልዶ ለቱርክ የተሰለፈው ናይም ሱለይማኖግሉ በ1988 በሴኡል ስድሳ ኪሎ በሚመዝን ሰውነቱ 190 ኪሎ፣ ሁለት ኩንታል ለመሙላት ዐሥር ኪሎ ብቻ የጐደለው ሸክም፣ ከራሱ በላይ አንሥቷል። የጆርጅያው ላሻ ታላካድዜ በ2021 በታሽከንት በሁለቱ ዐይነት አነሣሥ ባንድነት 492 ኪሎ አስመዝግቧል። ነገር ግን ይህ ውድድር በገዛ ሰዎቹ ተዋርዷል። የቤጂንግና የለንደን ኦሊምፒክ ናሙናዎች እንደገና ሲመረመሩ ብዙ ሜዳልያ ተነጥቆ፣ በ2017 ሩሲያንና ቻይናን ጨምሮ ዘጠኝ አገሮች ለአንድ ዓመት ታገዱ፤ የዓለም ፌዴሬሽኑን ለዐሥርተ ዓመታት የመሩት ሰው በ2020 ከሥልጣናቸው ወረዱ። በሪዮ 260 የነበረው የተወዳዳሪዎች ቦታ በፓሪስ ወደ 120 ወረደ። በ2021 መጨረሻ ከሎስ አንጀለሱ ከ2028 ኦሊምፒክ የመጀመሪያ ዝርዝር ጭራሽ ወጥቶ ነበር፤ የተመለሰው በጥቅምት 2023 ነው። ካራቴም ቢሆን በቶኪዮ አንድ ጊዜ ብቻ ታይቶ በፓሪስ ቀርቷል። ቦክስም በ2025 ነው ለሎስ አንጀለስ የተረጋገጠለት።

ከዚህ የሚገኘውን ትርጕም ከአህጉራችን እንውሰድ። ግብጽ በብረት ማንሳት የቆየች አገር ናት፤ ኸድር ኤል ቱኒ በ1936 በበርሊን ወርቅ አግኝቶላታል። በሪዮ ነሐስ ያገኘችው ሣራ ሰሚር ግን የአገርዋ ፌዴሬሽን በአበረታች መድኀኒት ጥፋት ስለ ታገደ በቶኪዮ ሳትወዳደር ቀርታ፣ በፓሪስ ተመልሳ ብር አገኘች። ሌሎች በሠሩት ጥፋት የአንዲት ወጣት አራት ዓመት ባከነ። በሌላው ወገን ኮትዲቩዋር በኦሊምፒክ ታሪኳ የመጀመሪያውን ወርቅ ያገኘችው በ2016 በቴኳንዶ ነው፤ ሼክ ሳላ ሲሴ በመጨረሻው ቅጽበት በሰነዘረው ርግጫ። የኒጀሩ አብዱልራዛቅ ኢሱፉም በዚያው ውድድር ብር ወሰደ። ቴኳንዶ ጠፍጣፋ ወለልና የሚችል መምህር እንጂ ውድ መሣሪያ ስለማይሻ ለደኻ አገር በር የሚከፍት ነው። እኛም በቶኪዮው ኦሊምፒክ በ58 ኪሎ ሰሎሞን ቱፋን አሰልፈን ከሩጫው ሌላ የምንቈጠርበት መስክ እንዳለ አይተናል።

ስለዚህ የወረዳ ስፖርት ጽሕፈት ቤት ያለችውን ጥቂት ገንዘብ የት ላድርግ ቢል፣ አዳራሹን ለማርሻል አርት ያዘጋጅና በአዳራሹ ጥግ ጥቂት ብረት ያስቀምጥ እንላለን። በአገራችን የሚታየው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ቴኳንዶው አንድ ሰፈር፣ ብረቱ ሌላ ሰፈር ሆኖ፣ ሁለቱ እንደ ጣውንት ይተያያሉ። በጂሞች ደግሞ ከብረቱ ጋራ ምንነቱ ያልታወቀ ዱቄትና ክኒን በወዳጅነት የሚያቀብል ሰው አይጠፋም። የኦሊምፒክን ብረት አንሺዎች ያዋረደው ስቴሮይድ፣ ሜዳልያ በማይጠብቀው ተማሪ ላይም ጕበትንና ልብን መጕዳቱን አይተውም።

ስለ ልጃገረዶች አንድ ቃል ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። ወላጆች ሴት ልጃቸውን ራሷን ትጠብቅ ብለው ወደ ቴኳንዶ ቤት ሲልኩ ይታያል፤ መልካም ነው። ብረት ላንሣ ብትላቸው ግን «ወንድ ትመስያለሽ» ይሏታል። ይህ ፍርሃት መሠረት የለውም። ወንዱን የሚያወፍረው ሆርሞን በሴት ሰውነት እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ ብርታቷ ያድጋል እንጂ ድንገት አትገዝፍም። አጥንት ከማረጥ በኋላ በሚሳሳበት በሴት ሰውነት ላይ ከባድ ነገር ማንሳት የሚያስገኘው የአጥንት ጥንካሬ ደግሞ ለርሷ ከወንዱ ይልቅ አስፈላጊ ነው። ውሃ በጀርባዋ ስትቀዳ የኖረችውን እናት «ሸክም አይስማማሽም» ያላት ማን ነው?

እንግዲህ በሳምንት ሦስት ምሽት ብቻ ያለው አንባቢ ምን ያድርግ? እኛ ብንሆን ሁለቱን ለምንጣፉ፣ አንዱን ለብረቱ እንሰጣለን፤ ከምንጣፉ ምሽቶችም በአንደኛው ሥልጠና ሲያበቃ ለሃያ ደቂቃ ከባድ ነገር እናነሣለን። እንዲህ ሲሆን የጤና ድርጅቱ ያዘዘው ሁለት ቀን ይሞላል። ብርታት ብቻ የሚሻ ሰው ድርሻውን ይገልብጠው። አራት ሥራዎች ይበቃሉ፤ ብረት ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሣት፣ ከመሬት ማንሳት፣ ከራስ በላይ መግፋትና ወደ ራስ መሳብ። ስምንት ጊዜ የሚነሣው ዐሥራ ሁለት ጊዜ ሲነሣ ሁለት ኪሎ ተኩል መጨመር፤ ከዚያ እንደገና ከስምንት መጀመር ነው።

የጂም ክፍያ ከአቅሙ በላይ የሆነበት ተማሪ በየሰፈሩ የተለመደውን ያውቀዋል፤ በሁለት የቀለም ጣሳ ኮንክሪት ሞልቶ በውሃ ቧንቧ ብረት ጫፍና ጫፍ ማድረቅ ነው። በዚህ የምንስቅ አይደለንም፤ ጡንቻ የብረቱን ዋጋ አይጠይቅም። አራት ሊትር የሚይዝ ጣሳ ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠር ሲሞላ ዘጠኝ ኪሎ ተኩል ግድም ይመዝናል፤ ይህም ለጀማሪ ትከሻ የሚበቃ ነው። ጕድለቱ ሁለቱ ጣሳዎች እኩል አለመሆናቸውና ኪሎው አለመታወቁ ነው። የቀለለው ጫፍ ወገብን ወደ አንድ ጐን ይጠመዝዛል፤ ኪሎው ካልታወቀም መጨመር አለመጨመሩ አይታወቅም። ስለዚህ ጣሳዎቹን ቧንቧው ላይ ከማጣበቅ በፊት ለየብቻ ሞልቶ ሳይደርቁ በሰፈሩ ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ ማስመዘን፣ የቀለለው ላይ አንድ ሁለት እፍኝ ጠጠር ጨምሮ ማስተካከል፣ ከደረቁም በኋላ ኪሎውን በጐናቸው ላይ በቀለም መጻፍ ይገባል።